ሦስት ዓመት የፈጀ ጦርነት፣ ዐሥራ አንድ ዓመት የታየ ድራማ

(ይህ ጽሑፍ ድራማ ለሚጽፉና ለሚወዱ ወጣቶች በተሰናዳ ምሽት ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ቦታ አሳጥሬዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ዝናብ መጥታችሁ ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

በቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ። የኮሪያ ጦርነት ሰኔ 1950 ተጀመረ። ሐምሌ 1953 በተኩስ አቁም ስምምነት ቆመ። ሦስት ዓመት ከአንድ ወር ነው። ስለዚያ ጦርነት የተሠራው «ማሽ» የተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ደግሞ መስከረም 1972 ጀምሮ የካቲት 1983 አለቀ። 11 ሲዝን፣ 256 ክፍል። ድራማው ከጦርነቱ ሦስት እጥፍ በላይ ዕድሜ ኖረ ማለት ነው። የመጨረሻው ክፍል የታየ ማታ ወደ 106 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ ነበር።

«ኮምባት» የሚባለው ከዚያ በፊት የነበረው ድራማ ደግሞ ይብሳል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአጋር ኃይሎች ፈረንሳይ ኖርማንዲ ላይ ከወረዱበት ቀን ጀርመን እጅ እስከ ሰጠችበት ድረስ ያለው ጊዜ 11 ወር ብቻ ነው። ድራማው ግን ከ1962 እስከ 1967 ታየ። 5 ሲዝን፣ 152 ክፍል። አንድ ጓድ የአሜሪካ እግረኛ ወታደር የፈረንሳይን ገጠር አምስት ዓመት ሙሉ ሲያቋርጥ ሰው ሳይሰለች አየው። አሁንም የሚያየው አለ።

ለምን? ዛሬ ማታ ላወራው የመጣሁት ይህንን ነው።

ብዙ ሰው ይህን ስጠይቀው የሚመልስልኝ ቶሎ ነው። «ተኩስ ነዋ! ታንክ፣ ፈንጂ፣ ጀግንነት።» እኔ አይመስለኝም። ተኩስ የፈለገ ሰው ሲኒማ ይሄዳል። እዚያ ስክሪኑ ይሰፋል፣ ድምፁ ወንበር ያናውጣል፣ በጀቱም ሌላ ነው። በ«ማሽ» ውስጥ እኮ ውጊያ የለም ማለት ይቻላል። ከግንባር ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የተተከለ ድንኳን ሆስፒታል ነው። የምናየው ከውጊያ የመጣውን ሰው ነው እንጂ ውጊያውን አይደለም። «ኮምባት»ም ቢሆን በአንድ የሆሊውድ ስቱዲዮ ግቢ የተቀረጸ ነው። የመጀመሪያዎቹ አራት ሲዝኖች ጥቁርና ነጭ ናቸው። በዛሬ ዓይን ፍንዳታው ምንም አይደለም። ሰዉን የያዘው ሌላ ነገር ነው።

እኔ ጊዜ ነው እላለሁ። ቴሌቪዥን ጊዜ አለው።

ሲኒማ ሁለት ሰዓት ነው የተሰጠው። በሁለት ሰዓት ውስጥ ወታደሩን ያስተዋውቅሃል፣ ያዋጋዋል፣ ይገድለዋል ወይ ይመልሰዋል። ስለዚህ መቸኮል አለበት። ሲቸኩል ደግሞ ከጦርነት ውስጥ ትልቁን ነገር ይጥለዋል። መጠበቁን። ወታደር የነበረ ሰው ጠይቁ፤ አብዛኛው ቀን የሚያልፈው በመጠበቅ ነው። ትእዛዝ መጠበቅ። ምግብ መጠበቅ። ደብዳቤ መጠበቅ። ዝናቡ እስኪያባራ መጠበቅ። ተከታታይ ድራማ ይህን መጠበቅ ሊያሳይ ይችላል፤ ምክንያቱም እኛንም ያስጠብቀናል። በየሳምንቱ እስከሚቀጥለው ክፍል። ገጸ ባሕርያቱ በስድስት ወር ውስጥ ቡና እንደምንጣጣው ጎረቤት ይሆናሉ። ማን ቶሎ እንደሚቆጣ እናውቃለን። ማን እንደሚዋሽ እናውቃለን። ማን ለእናቱ ምን ብሎ እንደሚጽፍ ሁሉ እናውቃለን።

ይህን በአንድ ትዕይንት ላሳያችሁ። የቴሌቪዥን ጽሑፍ መማር ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለም ባይ ነኝ።

በ«ማሽ» ውስጥ ሌተና ኮሎኔል ሄንሪ ብሌክ የሚባል የሆስፒታሉ አዛዥ አለ። ልበ ገር ሰው ነው። ትእዛዝ መስጠት አይሆንለትም። የማዕረግ ቆብ ትቶ የዓሣ አጥማጅ ባርኔጣ ያደርጋል። ተመልካች ለሦስት ሲዝን ሳቀበት፣ ወደደው። ተዋናዩ ማክሊን ስቲቨንሰን ድራማውን ሊለቅ ፈለገ። ጸሐፊዎቹ እንግዲህ በደንቡ መሠረት አገሩ ሊሸኙት ነው። መጋቢት 1975 የታየው የሦስተኛው ሲዝን ማብቂያ ላይ ብሌክ የመሰናበቻ ወረቀቱ ይመጣለታል። ግብዣ ይደረጋል። ልብሱን ይለብሳል። እያንዳንዱን ያቅፋል። ሄሊኮፕተሩ ይነሣል። አለቀ ብለህ ሪሞት ልታነሣ ነው።

ከዚያ ካሜራው ወደ ኦፕሬሽን ክፍል ይመለሳል። ሐኪሞቹ እንደ ወትሮው እየቀደዱ እየሰፉ ናቸው። ራዳር የሚሉት የሆስፒታሉ ጽሕፈት ቤት ልጅ ይገባል። የአፍ መሸፈኛ አላደረገም። አንዱ ይቆጣዋል፤ ማስክ አድርግ ይለዋል። ልጁ አይሰማም። በእጁ ያለውን ወረቀት ያነባል። የሌተና ኮሎኔል ሄንሪ ብሌክ አውሮፕላን በጃፓን ባሕር ላይ ተመትቶ ወድቋል። የተረፈ የለም።

ማንም አይጮህም። ሙዚቃ የለም። አንዲት ነርስ ታለቅሳለች። አንድ ብረት ወለሉ ላይ ሲወድቅ ይሰማል። ሐኪሞቹ ደግሞ እጃቸው የሰው ሆድ ውስጥ ነው። ማቆም አይችሉም። እያለቀሱ ይሰፋሉ።

ያቺን የመጨረሻ ገጽ አዘጋጆቹ ደብቀዋት ነበር። አብዛኞቹ ተዋንያን የሰሙት ቀረጻው ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ነው። ፊታቸው ላይ የምናየው ድንጋጤ ብዙው እውነተኛ ነው። ከታየ በኋላ ከተመልካች የቁጣ ደብዳቤ ጎረፈ። «በኮሜዲ እንዲህ አይደረግም» ነው ነገሩ።

እኔ ጸሐፊዎቹ ልክ ነበሩ እላለሁ። በጦርነት ውስጥ ሞት ለታሪኩ እንዲመች ሆኖ አይመጣም። በመጨረሻው ጥይት ላይ፣ የጀግና ንግግር ተደርጎ፣ ባንዲራ ጀርባው ላይ እየተውለበለበ አይመጣም። ሰውየው ወደ ቤቱ እየሄደ ሳለ ይመጣል። ያ ሞት ግን ሥራውን የሠራው ከዚያ በፊት ሦስት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ከሰውየው ጋር ስለኖርን ነው። በሁለት ሰዓት ፊልም ውስጥ ብሌክ ቢሞት ኖሮ አንድ የሞተ ኮሎኔል ነው። አበቃ።

ስለ ኦፕሬሽን ክፍሉ አንድ ነገር ልጨምር። በዚያን ዘመን የአሜሪካ ኮሜዲ ላይ ከጀርባ የተቀዳ ሳቅ ይገባል። ጣቢያው ሲቢኤስ እዚህም ይግባ አለ። አዘጋጆቹ ላሪ ጌልባርትና ጂን ሬይኖልድስ ቢያንስ ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ አይገባም ብለው ተሟገቱ። አሸነፉም። እና ድራማውን ስታዩት ልብ በሉ፤ ድንኳኑ ውስጥ ይሳቃል፣ ምግብ ቤቱ ውስጥ ይሳቃል፣ ቁስለኛ ፊት ሲደርሱ ሳቁ ይቆማል። እንግሊዝ አገር ቢቢሲ ሲያሳየው ጭራሽ ሳቁን አውጥቶ ነው። ያለ ሳቅ ሌላ ድራማ ይሆናል። ይከብዳል።

ጌልባርትና ሬይኖልድስ በኮሪያ ያገለገሉ እውነተኛ ሐኪሞችን እያፈላለጉ ያነጋግሩ ነበር። ብዙው ታሪክ ከዚያ የመጣ ነው። የእነዚያ የድንኳን ሆስፒታሎች ሥራ ደግሞ ቀላል ነገር አልነበረም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሆስፒታል ከደረሱ የአሜሪካ ቁስለኞች 4.5 በመቶ ያህሉ ይሞቱ ነበር። በኮሪያ ወደ 2.5 በመቶ ወረደ። ምክንያቱ ሆስፒታሉ ራሱ ወደ ግንባሩ መጠጋቱ ነው፤ ቁስለኛውን በትንሽ ሄሊኮፕተር ጎን አስሮ በደቂቃዎች ማድረስ መቻሉ ነው። ድራማው ሲጀምር ከተራራው ጀርባ ብቅ የሚሉት ሄሊኮፕተሮች ለጌጥ የገቡ አይደሉም።

ከተዋንያኑም ወታደር የነበሩ አሉ። ክሊንገርን ሆኖ የሚጫወተው ጄሚ ፋር ራሱ በአሜሪካ ጦር ውስጥ አገልግሎ ኮሪያም ጃፓንም የነበረ ሰው ነው። ድራማው ላይ አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው የወታደር ስም መለያ ብረት የገዛ ራሱ ነው። የራሱ ስም ያለበት። ካሜራው አያነበውም። እሱ ግን ያውቀዋል።

ወደ ሁለተኛው ነገር ልለፍ። ስለ ጓዱ።

እነዚህን ድራማዎች ሁሉ ብታስተያዩአቸው ጄኔራል የሚባል ሰው እምብዛም አታገኙም። ካርታ ላይ ዱላ የሚያሳርፍ፣ ስለ አገር ዕጣ የሚናገር የለም። «ኮምባት» ውስጥ ያሉት ሃምሳ አለቃ ሳንደርስ፣ መቶ አለቃ ሃንሊና ከእጅ ጣት ብዙም የማይበልጡ ወታደሮች ናቸው። ያ ድልድይ፣ ያ የእርሻ ቤት፣ ያ ኮረብታ። ዓለማቸው ይቺው ነች። ጦርነቱን ማን እያሸነፈ እንደሆነ አያውቁም። የሚያውቁት ከጎናቸው ያለውን ሰው ነው።

ይህ የጸሐፊ ብልሃት ብቻ አይደለም። ወታደር የሚያስታውሰው እንደዚያ ነው። አንድ አጎቴ በደርግ ጊዜ ሰሜን ግንባር ነበር። ልጆች ሆነን ስለ ውጊያው እንዲነግረን እንለማመጠው ነበር። ስንት ሰው ገደልክ፣ ታንክ ነድተሃል ወይ፣ የልጅ ጥያቄ ነው። እሱ የሚያወራን ስለ ኮቾሮ ነው። ኮቾሮው ከመድረቁ የተነሣ በሰደፍ ሲሰብሩት። አንዲት ኒያላ ሲጋራ ለአራት ሲያጨሱ፣ አራተኛው ሰው ከንፈሩን ሲያቃጥለው። አብሮት ምሽግ ውስጥ ይተኛ የነበረ የወላይታ ልጅ እንቅልፉ ውስጥ ሲዘፍን። ያኔ ታሪኩን የሚያደባብስብን ይመስለኝ ነበር። ለካ ታሪኩ እሱ ነው። እነዚህን ድራማዎች ከልቤ ማየት የጀመርኩትም የአጎቴን ወሬ ስለሚመስሉ ነው።

የጓድ ድራማ ሌላም ነገር ያደርጋል። እኛን አዲስ ገቢ ያደርገናል። ሁሌም አንድ ምትክ ወታደር ይመጣል። ልብሱ ንጹሕ ነው፤ የት እንደሚቀመጥ አያውቅም፤ ነባሮቹ ስሙን ለመያዝ እንኳ አይፈልጉም፣ ነገ ይሞታልና። እኛ ተመልካቾቹ በዚያ ልጅ ዓይን ነው የምንገባው። ቀልዱ እስኪገባን ጊዜ ይወስዳል። ከገባን በኋላ ግን ከእነሱ አንዱ ነን። ማንኛችንም ከሰው መሃል መግባትን፣ «የኛ ሰው» መባልን እንፈልጋለን። የወታደር ድራማ ይህን የሚሰጠው ከሌላው ድራማ በላቀ መጠን ነው። እዚያ መሃል ገባህ ማለት ሕይወትህን ለሰው አደራ ሰጠህ፣ የሰውም ሕይወት አንተ ላይ ተጣለ ማለት ነውና።

ሦስተኛው የጊዜ ርቀት ነው። ይህንን ትንሽ ጠለቅ ብዬ ልናገረው እፈልጋለሁ፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ጦርነት ሩቅ ታሪክ ያልሆነባችሁ ሰዎች እንዳላችሁ አውቃለሁና።

«ማሽ» ሲጀምር አሜሪካ ቬትናም ውስጥ ነበረች። ድራማው የኮሪያ ልብስ ለብሷል፤ የሚያወራው ግን ስለ ቬትናምም ነው። ይህን በወቅቱ የሚያየው ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። ልጁ ቬትናም ያለ አባት ስለ ቬትናም የሚያወራ ድራማ ማታ ማታ አያይም፤ አይችልም። ስለ ኮሪያ ሲሆን ግን ይቀመጣል። ያኛውን በዚህኛው ያለቅሳል። በቀጥታ ስለ ቬትናም የተሠሩት ዋና ዋናዎቹ የቴሌቪዥን ድራማዎች የመጡት ጦርነቱ ካለቀ ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በ1988 የጀመረው «ቻይና ቢች» ዋና ገጸ ባሕርይዋ የጦር ነርስ ናት። ነርሶቹ እስኪታዩ ያን ያህል ዓመት ፈጀ።

በተቃራኒው ደግሞ ተሞክሮ ያልሠራ አለ። በ2005 «ኦቨር ዜር» የሚል የኢራቅ ጦርነት ድራማ ተጀመረ። ጦርነቱ ያኔ እየነደደ ነው። ማታ ዜናው ስለ ኢራቅ፣ ቀጥሎ ድራማው ስለ ኢራቅ። ከ13 ክፍል በኋላ ተቋረጠ። ድራማው መጥፎ ስለነበረ አይደለም ባይ ነኝ። ቁስሉ ትኩስ ስለነበረ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ የመጣው «ጄኔሬሽን ኪል» ስለዚያው ኢራቅ ሆኖ ተወደደ፤ ነገር ግን ሰባት ክፍል ብቻ ነው፣ የሚናገረውም ስለ 2003ቱ የመጀመሪያ ሳምንታት ነው። ውስጡ ሩዲ ሬየስ የሚባል የቀድሞ የባሕር ወለድ ወታደር ራሱን ሆኖ ይጫወታል።

እና ልጆቼ፣ በቅርቡ ቤተሰቡ ያዘነ ሰው የጦር ድራማ ዝጉልኝ ቢል አትሟገቱት። ዝጉለት።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። «ባንድ ኦፍ ብራዘርስ»። መስከረም 9 ቀን 2001 ኤችቢኦ ላይ ጀመረ። ሁለት ቀን ቆይቶ ኒው ዮርክና ዋሽንግተን ላይ ጥቃቱ ደረሰ። ያኔ ማንም ስለ ቴሌቪዥን ድራማ የሚያስብ አልነበረም፤ ጣቢያውም ማስታወቂያውን አቆመ። ድራማው ግን እስከ ዛሬ ድረስ እንደ አዲስ ይታያል። ዐሥር ክፍል ነው። ኢዚ የምትባል የአንድ አየር ወለድ ሻምበል ታሪክ ነው፤ ከሥልጠና ጀምሮ ኖርማንዲ፣ ሆላንድ፣ ባስቶኝ፣ እስከ ኦስትሪያ።

የእያንዳንዱ ክፍል መጀመሪያ ላይ ሽማግሌዎች ብቅ ይላሉ። ሰማንያ የተጠጉ አሜሪካውያን አዛውንት። ትንሽ ይናገራሉ፣ አንዳንዱ ያለቅሳል። ስማቸው አይጻፍም። ማን እንደሆኑ የሚነገረን በዐሥረኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ነው። ለምን ቢባል፣ ስማቸውን ቀድመን ብናውቅ በታሪኩ ውስጥ ማን እንደሚተርፍ እናውቃለን። ዘዴው ይህ ነው። ውጤቱ ግን ከዘዴም በላይ ነው። ዐሥር ክፍል ሙሉ ወጣቱን አይተህ፣ ፈርተህለት፣ በመጨረሻ ያ ሽማግሌ እሱ ነበር ስትባል፣ ሃምሳ ስድስት ዓመት በአንድ ጊዜ ፊትህ ላይ ይወርዳል።

ስድስተኛውን ክፍል ያላያችሁ እዩት። ታኅሣሥ 1944፣ ቤልጅየም፣ ባስቶኝ። ጀርመኖች ከተማዋን ከበዋል። በረዶ ነው። ታሪኩን የያዘው ዩጂን ሮ የሚባል የሻምበሏ ሐኪም ነው። አይተኩስም። ሥራው ከጉድጓድ ጉድጓድ እየዞረ መለመን ነው። ሞርፊን አለህ? ፋሻ አለህ? መቀስ አለህ? አንድ መቀስ ፍለጋ ግማሹ ክፍል ያልቃል። ይኸው ነው ጦርነቱ፣ መቀስ ማጣት። ከተማው ውስጥ ቁስለኛ ሲያደርስ ሬኔ የምትባል ቤልጅጋዊት ነርስ ያገኛል። ቸኮሌት ትሰጠዋለች። በኋላ የቁስለኛው ማቆያ በቦምብ ይመታል። ሮ ከፍርስራሹ ውስጥ የሻሿን ሰማያዊ ጨርቅ ያገኛል። ጉድጓዱ ውስጥ ጓደኛው እጁን ሲቆርጠው ፋሻ የለም። ትንሽ ያመነታል። ከዚያ ሻሹን ይቀደዋል።

ሬኔ ለሜር እውነተኛ ሰው ናት። በገና ዋዜማ በዚያ የቦምብ ድብደባ ሞታለች። ግን በዚያ ክፍል ውስጥ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የምትታይ አንዲት ጥቁር ነርስም አለች። አና ይሏታል። ብዙ ተመልካች አያስተውላትም። እሷም እውነተኛ ሰው ናት፤ ኦገስታ ቺዊ። ቡሩንዲ የተወለደች፣ አባቷ ቤልጅጋዊ፣ እናቷ አፍሪካዊት። ለገና ዘመድ ልትጠይቅ ባስቶኝ መጥታ ከበባው ውስጥ ገባች። የአሜሪካ ሐኪም እርዳታ ሲጠይቅ እሺ ብላ ሄደች። ቦምቡ ሲወድቅ ከጎን ባለው ቤት ነበረች፤ ፍንዳታው ግድግዳ ጥሶ ወረወራት። ተረፈች። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ስለዚያ ጊዜ እምብዛም ሳትናገር ኖረች። የሞተች የመሰላቸው ነበሩ። አንድ ብሪታኒያዊ የታሪክ ሰው ፈልጎ አገኛት። በ2011 የቤልጅየም ንጉሥም የአሜሪካ ጦርም ሸለሟት። በ2015 በ94 ዓመቷ ዐረፈች።

እኔን ይህ ታሪክ ሁለት ነገር ያስይዘኛል። አንደኛ፣ ድራማው ባይኖር ኖሮ ያ «አና ማን ናት» የሚል ጥያቄ ብዙ ሰው ጆሮ አይደርስም ነበር። ሁለተኛ፣ ያን ያህል የተወደደ ድራማ ለእሷ የሰጣት ጥቂት ሰከንድ ነው። ሁለቱንም አንድ ላይ ነው የምይዘው።

ምክንያቱም የጓድ ድራማ ትልቁ ጉድለት ከትልቁ ጥንካሬው ይወጣል። አሥር ሰው እንድንወድ ያደርገናል። አሥሩን ስንወድ ሌላውን እንረሳለን። «ማሽ» የተካሄደው ኮሪያ ነው፤ ኮሪያውያኑ ግን አብዛኛውን ጊዜ ገብተው የሚወጡ እንግዶች ናቸው። በገዛ አገራቸው። በ2013 የጀርመን ቴሌቪዥን ስለ አምስት ወጣት ጓደኛሞች የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድራማ ሲያሳይ ጀርመኖች በሚሊዮን ተቀምጠው አዩት፤ ከወላጆቻቸው ጋር ያላወሩትን እንዲያወሩ ምክንያት ሆናቸው። ፖላንድ ግን ተቆጣች። የፖላንድ አርበኞች አይሁድ ጠል ሆነው ቀርበዋል፣ ጀርመኖቹ ደግሞ የሚያሳዝኑ ልጆች ሆነዋል ብለው። ለእኔ የፖላንዶቹ ቁጣ ይገባኛል። በማን ዓይን እንደምታይ ከመረጥክ በኋላ ፍርዱ ግማሹ ያልቃል።

እውነተኛ ስም ሲነካ ደግሞ ጥንቃቄው ሌላ ነው። በዚሁ «ባንድ ኦፍ ብራዘርስ» ሦስተኛ ክፍል መጨረሻ ላይ አልበርት ብላይዝ የተባለው ወታደር ከቁስሉ ሳይድን በ1948 እንደሞተ ይጻፋል። አልሞተም። በጦሩ ውስጥ ቀጥሎ ኮሪያም ዘምቷል፤ የሞተው በ1967 ነው። ሰውየው በሚሊዮን ሰው ፊት 19 ዓመት ተቀነሰበት። ቤተሰቡ እውነቱን እስኪያወጣ ድረስ ተመልካቹ ያንን አምኖ ነበር። ስክሪን ላይ የተጻፈ ነገር ሰው ያምናል። እናንተ ልትጽፉ ያሰባችሁ ልጆች ይህንን ያዙልኝ።

እንግዲህ ኮሪያን እያነሣን የኛን ሰዎች ሳላነሣ ብወርድ ደግ አይሆንም። የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ በግንቦት 1951 ቡሳን ወረደ። ኢትዮጵያውያኑ በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር፣ በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ሆነው ተዋጉ። «ማሽ» ውስጥ የምናየው ዓይነት ሄሊኮፕተር በሚበርበት ሰማይ ሥር፣ በዚያው ተራራ፣ በዚያው ብርድ። ከ120 በላይ ሞቱ። የተማረከ የለም። ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል የተባለው አሜሪካዊ የጦር ታሪክ ጸሐፊ በ1956 ባወጣው መጽሐፉ በ1953 ጸደይ ዮክና አንክል በተባሉ ምሽጎች ስላደረጉት ውጊያ ጽፏል። ሬሳቸውን እንኳ ትተው እንዳልሄዱ ይመሰክራል። በ1968 ደቡብ ኮሪያ ቹንቾን ላይ ሐውልት ቆሞላቸዋል።

እኔ ግን እንደ ድራማ ሳስበው ቀልቤን የሚስበው ዮክና አንክል አይደለም። ዶንግዱቾን ላይ ያደረጉት ነው። ከደሞዛቸው እያዋጡ ወላጅ ያጡ የኮሪያ ልጆችን ያሳድጉ ነበር። አስቡት እስኪ። ከአዲስ አበባ የሄደ ክቡር ዘበኛ፣ ቋንቋው የማይገባውን ሕፃን ሩዝ ሲያበላ። ይህ ብቻውን አንድ ሲዝን ይወጣዋል። ባሕር ጉዞው አንድ ክፍል ነው። የመጀመሪያው ክረምት ሁለት ክፍል ነው። አስተርጓሚው ራሱን የቻለ ገጸ ባሕርይ ነው፤ የአሜሪካው መኮንን በእንግሊዝኛ የሚያዘውን በአማርኛ ሲመልስ፣ ለአፍታ ሲቆም፣ መሃል ላይ ያለው ጭንቀት። ኮሪያውያን ገጸ ባሕርያትም እንደ ሰው ይጻፉ፤ «ማሽ» ያላደረገውን እኛ እናድርገው። መመለሱም አለ። ኮሪያ ሰፈር ቤት ሠርተው የተቀመጡ፣ ኋላ ደርግ ሲመጣ ከኮሙኒስት ጋር ተዋጋን ማለት የሚያስጠይቅ ሆኖባቸው ያንን ታሪክ በልባቸው የያዙ ሰዎች አሉ። ከጦር ሜዳው ይልቅ እዚያ ላይ ረጅም ጊዜ ብትቆዩ ደስ ይለኛል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው፣ ድራማ በምኞት አይሠራም። ኢዚ ሻምበልን ለመሥራት ወደ 125 ሚሊዮን ዶላር ወጥቷል፤ ያ የኛ መንገድ አይደለም። «ማሽ»ን ግን ተመልከቱ። ጥቂት ድንኳን፣ አንድ ኦፕሬሽን ክፍል፣ ከሎስ አንጀለስ ወጣ ብሎ ያለ ኮረብታ። ሐሜት፣ ደብዳቤ፣ ራት። ጽሑፉ ነው የተሸከመው። ጽሑፍ ደግሞ ወረቀትና ጊዜ ነው የሚፈልገው።

የቸገረው ጊዜው ነው። በ1951 የሃያ ዓመት ጎረምሳ የነበረ ሰው ዛሬ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ከመካከላችሁ እንዲህ ያለ አያት ወይም የጎረቤት አባት ያላችሁ ካላችሁ፣ በዚህ ሳምንት ሂዱ። ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ በስልካችሁ ድምፃቸውን ቅዱ። ስንት ገደሉ ብላችሁ አትጀምሩ። ምን ትበሉ ነበር በሏቸው። ከጎንዎ ማን ይተኛ ነበር? በብርዱ እግርዎን በምን ይጠቀልሉ ነበር? ከቤት ደብዳቤ ሲመጣ ማን ያነብልዎ ነበር? ዝም ካሉም ዝም በሉ፣ አትቸኩሉ፤ ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ጊዜ አለ።

እኔ በዚህ ላብቃ። ጥያቄ ያለው እጁን ያንሣ፣ ከኋላ ካሉት እንጀምር።